ለልጅ የሚባክን ክር

እንደምን ዋላችሁ! ልጆቻችሁን ይዛችሁ በመምጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል።

መጀመሪያ ይህን ጨርቅ ላሳያችሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁም እንድታዩት ከፍ ላድርገው። ወርዱ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ይበልጣል። ርዝመቱ አንድ ክንድ አይሞላም። ጠርዙ ቀጥ ያለ አይደለም፤ አንድ ቦታ ይጠባል፣ ሌላ ቦታ ይሰፋል። መሀሉ ላይ ማጉ፣ ማለትም አግድሙ ክር፣ ድሩን፣ ማለትም የቁሙን ክር፣ የዘለለበት ቀዳዳ አለ። ሦስት ቦታ ደግሞ ተቋጥሯል። በጣታችሁ ብትዳስሱት ቋጠሮው ይታወቃችኋል።

ይህን የሠራሁት በ9 ዓመቴ ነው። እናቴ እስከ ዛሬ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣው ነበር። ለእናንተ ላሳይ ብያት ነው የሰጠችኝ። ማታ መልሼ ልሰጣት ይገባል።

አባቴ ሸማኔ ነው። ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ መጥቶ ሽሮ ሜዳ የከተመ። እናቴ ፈታይ ናት። እኛ ቤት ክር ማለት የዕለት እንጀራ ነው። አንድ ልቃቂት እስኪሞላ ድረስ እናቴ ስንት ምሽት እንደምትቀመጥ እያየሁ ነው ያደግሁት። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ አባቴ ይህን ሁሉ ክር ለእኔ ሰጠኝ። አበላሸሁት። አልተቆጣም። ጨርቁን ቆርጦ አወጣና ለእናቴ ሰጣት። እሷም አጣጥፋ አስቀመጠችው።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ስለዚሁ ክር ነው። ልጅ ቤት ውስጥ የእጅ ሙያ የሚማረው፣ የሚያባክነው ክር ሲሰጠው ነው ብዬ አምናለሁ። ምንም ነገር እንዲበላሽ በማይፈቀድበት ቤት ልጁ ሊሠራ ይችላል፤ ይማራል ግን ለማለት ይከብደኛል። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለሰፈር ልጆች ሽመናና ፈትል አስተምራለሁ። በየሳምንቱ ይህንኑ ነው የማየው።

አንድ ጥያቄ ወላጆች ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። «ከየት ልጀምር?» ይሉኛል። ብዙዎቹ ከሥራው መጀመሪያ መጀመር አለብን ብለው ያስባሉ። ሽመና ከሆነ ድር ከማድራት፣ የመሶብ ስፌት ከሆነ ከእምብርቱ። እኔ ግን ከመጨረሻው ጀምሩ እላለሁ።

ምክንያቱን ላስረዳ። የሥራው መጀመሪያ ከባዱ ክፍል ነው። ድር ሲደራ አንድ ክር ከተሳሳተ፣ ስህተቱ ከጨርቁ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። መሶብም እምብርቱ ላይ ከጠመመ እስከ ከንፈሩ ድረስ ጠማማ ነው። ስፌት የሚችሉ እናቶች ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ስፌቱን ራሳቸው ይጀምሩና ጥቂት ዙር ከሄዱ በኋላ ወስፌውን ለልጅቷ ያቀብሏታል። እሷ ዙሩን ትቀጥላለች። ትጠመዝዛለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ትጠመዝዛለች። ከተበላሸ የሚፈታው የእሷ ዙር ብቻ ነው። እምብርቱ ግን ደህና ነው።

ለእኔ መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ቀሰም ማጠንጠን ነበር። ልጆች፣ ቀሰም ማለት ማጉ የሚጠነጠንበት አጭር መቃ ነው። ማጉን በድሩ መሀል በሚያመላልሰው መወርወሪያ ሆድ ውስጥ ይገባል። በደንብ ካልጠበቀ ሲወረወር ክሩ ይዝረከረካል። አለአግባብ ከተደራረበ ደግሞ መሀል ላይ ይይዝና ይበጠሳል። እኔ እንዴት እንዳጠነጠንኩት እንኳ አላስታውስም፤ ብቻ ቶሎ ጨርሼ ለመውጣት ነበር የቸኮልኩት። አባቴ አልመረመረውም። ተቀብሎኝ መወርወሪያው ውስጥ ከተተውና ወረወረው። ጧ! ተበጠሰ። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ቋጠረውና ቀጠለ። እንደገና ጧ! በአራተኛው ላይ እኔው ራሴ «አባዬ፣ አምጣው እንደገና ላጠንጥነው» አልኩት።

ስህተቴን የነገረኝ ክሩ ነው። አባቴ ዝም ብሎ ክሩ እንዲናገር ፈቀደለት። ይህን ያህል ትዕግሥት ከየት እንዳመጣው አሁንም ይገርመኛል። ያን ቀን ለገበያ የሚደርስ ሥራ ነበረበት።

ይህ ከመጨረሻው የመጀመር ነገር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጂን ሌቭ የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ላይቤሪያ ውስጥ የቫይና የጎላ ልብስ ሰፊዎችን አጥንታ ነበር። ሞያተኞቹ ሱሪ ለሚማር ልጅ መጀመሪያ የሚሰጡት ያለቀ ልብስ ነው። ቁልፍ ይተክላል፣ ጠርዝ በእጁ ይሰፋል፣ ይተኩሳል። ከዚያ ወደ ስፌቱ ይገባል። ጨርቅ መቁረጥ የሚማረው በመጨረሻ ነው። ለምን? ቁልፍ ሲተክል ከተሳሳተ ትንሽ ክር ነው የሚባክነው። በመቀስ ከተሳሳተ ግን ጨርቁ በሙሉ ሄደ። ደግሞ ልጁ በየቀኑ ያለቀ ልብስ በእጁ እያገላበጠ ስለሚውል፣ መቁረጥ ሲጀምር የትኛው ቁራጭ የት እንደሚገባ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። ለልጅ የሚሰጠው ስህተት መጠን አለው። አባቴ የ9 ዓመት ልጅ ድር እንዲያደራ አላደረገም። አበላሽ ብሎ የሰጠኝ እኔ ባበላሸው ቤቱ የማይፈርስበትን ነው። ይህን መጠን ማወቅ ነው የወላጁ ሙያ።

አንድ ሌላ ጥናትም ልጥቀስ፤ ይሄኛው የሽመና ስለሆነ እወደዋለሁ። ሜክሲኮ ውስጥ ቺያፓስ በሚባለው ግዛት ዚናካንታን የምትባል የማያ ሕዝብ መንደር አለች። እዚያ የሚሸምኑት ሴቶች ናቸው። ትናንሽ ልጃገረዶች በመጫወቻ መሸመኛ ነው የሚጀምሩት። ፓትሪሺያ ግሪንፊልድ የምትባል ተመራማሪ በ1970 እ.ኤ.አ. አካባቢ እናቶች ሴት ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚያስተምሩ ተመለከተች። እናትየው አጠገቧ ትቀመጣለች፤ ልጅቷ ልትሳሳት ስትል እጇን ታስገባለች። ስህተት አይፈጠርም ማለት ይቻላል። በ1991 እ.ኤ.አ. ስትመለስ ያኔ የተማሩት ልጃገረዶች እናቶች ሆነው አገኘቻቸው። አሁን ልጆቹ ብዙውን ጊዜ ለብቻቸው እየሞከሩ፣ እየተሳሳቱ ይማራሉ። ጥለቱም ከድሮው እጅግ በዝቷል። በመሀሉ የመንደሪቱ ኑሮ ተለውጧል፤ ንግድ ገብቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ የስህተት ዋጋ ነው። ኑሮ ከእጅ ወደ አፍ በነበረበት ዘመን የባከነ ክር ለቤቱ ከባድ ኪሳራ ነበር።

ይህን ሳነብ እናቴን ነው ያስታወስኩት። እናቴ ፈትል ስታስተምር እንደ መጀመሪያዎቹ የማያ እናቶች ናት። እጇ ከእጅሽ አይለይም። አባቴ ደግሞ እንደ ሁለተኛዎቹ። ሁለቱም ማስተማር ነው። ግን አባቴ የተወሰነ ክር «ይሄ የልጁ ነው» ብሎ ለይቶ ባያስቀምጥ ኖሮ፣ እንደዚያ ዝም ብሎ ሊያየኝ አይችልም ነበር።

አሁን ወደ ቤታችሁ እንግባ።

ለትንሽ ልጅ ከሁሉ የሚቀለው ጥጥ ነው። የ5 ዓመት ልጅ ፍሬውን ከጥጡ መፈልቀቅ ይችላል። በጣቱ ነው የሚሠራው፤ የሚወጋው የለም። ፍሬውን ይቁጠረው፣ ይደርድረው፣ ይትከለው። ከዚያ ጥጡ በደጋን ሲነደፍ ያሳዩት። ደጋን የሌላችሁ በእጃችሁ እየቦጫጨቃችሁ አፍታቱት፤ ፍጹም ባዘቶ አይሆንም፣ ለልጅ ግን ይበቃል። በ7 ወይም በ8 ዓመቱ እንዝርት ይያዝ። መጀመሪያ እንዝርቱን ያለ ጥጥ ያሹረው፤ ጭኑ ላይ ያንከባልለው። እጁ እንዝርቱን ሲለምድ ባዘቶ ስጡት። ይበጠሳል። ሲበጠስ ሁለቱን ጫፍ አፍታትቶ እንደገና እንዲያያይዝ አሳዩት። እናቴ «ክር ሲበጠስ አይጠፋም፤ ጫፉ ይጠፋል እንጂ» ትላለች። ጫፉን ፈልጎ ማግኘት ነው ግማሹ ሙያ።

ወፍራም ክር ያወጣል። አንድ ቦታ ገመድ ያህል፣ አንድ ቦታ ፀጉር ያህል ይሆናል። እባካችሁ አትጣሉት። ጠቅልላችሁ አስቀምጡለት። ከሁለት ወር በኋላ የሚያወጣውን ክር ከዚያ ጋር አስተያዩት። ከእኔም ከእናንተም ምስጋና ይልቅ ያ ሁለት ጥቅል ክር ነው ልጁን ደስ የሚያሰኘው።

ስፌት ትንሽ ቆየት ይበል። ወስፌ ስለታም ነው፤ ልጁ እጁን መቆጣጠር ሲችል ነው የሚያምረው። አክርማና ስንደዶ መሰብሰቡን ግን ገና በልጅነት ይጀመር። ክረምቱ ሲወጣ አብራችሁ ውጡ። የትኛው ስንደዶ ደርቆ እንደሚሰባበር፣ የትኛው እንደሚታጠፍ በእጁ ይለየው። ማቅለም ደግሞ ልጆች የሚያብዱለት ሥራ ነው። አለላው ከድስቱ ሲወጣ ፊታቸውን ማየት ነው! ሐረር የሄዳችሁ የቤቶቹን ግድግዳ አይታችሁ ይሆናል። ከላይ እስከ ታች በስፌት ያጌጠ ነው። እዚያ ቤት የምታድግ ልጅ የጥለቱን ቁጥር ከግድግዳው ላይ ነው የምታነበው። ማንም «ተማሪ» ሳይላት ዓይኗ ይማራል። እኛም ቤት ቢያንስ አንድ ጥሩ ሥራ ልጅ የሚያየው ቦታ ላይ እናንጠልጥል። ሳጥን ውስጥ የተቀበረ ጥበብ ማንንም አያስተምርም።

ሸክላን በተመለከተ እኔ ሙያው የለኝም። ቀጨኔ አካባቢ ከሚሠሩ እናቶች ጋር ተቀምጬ አይቻለሁ። ከሁሉም ቁሳቁስ ለልጅ ደጉ ጭቃ ነው ብዬ ተመለስኩ። እስኪተኮስ ድረስ ምንም አይባክንም። የተበላሸ ጀበና ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። አንዲት ትንሽ ልጅ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ የስኒ የሚያህል ጀበና ትሠራ ነበር። አንገቱ እየወደቀ አስቸገራት። አፈረሰችው። እንደገና ሠራች። እንደገና አፈረሰችው። እናትየው የራሷን ሥራ ትሠራለች። ስንት ጊዜ እንዳፈረሰችው መቁጠር አቃተኝ። በመጨረሻ አንገቱ ቆመ። ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። እናትየውም አየቻት። አለቀ።

ብረትና ቆዳን ለሕፃን አልመክርም። ድሮ ልጅ ወናፍ ይነፋ ነበር። ፍሙ፣ ፍንጣሪው፣ የቆዳው ማልፊያ መድኃኒት ለትንሽ ልጅ ሳንባና ዓይን አይሆንም። ልጁ በሩቁ ይይ፣ ይጠይቅ፤ ጊዜው ሲደርስ ይግባበት።

የሽመና ጉድጓድ ላይ ልጅ መቼ ይቀመጥ? እግሩ መርገጫው ላይ ያለ ችግር ሲደርስ። ከዚያ በፊት ከተቀመጠ ወገቡን አጉብጦ፣ ዳሌው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚሠራው፤ የሚጎዳው ጀርባው ነው። እስከዚያው ካርቶን ይበቃል። ጠንከር ያለ ካርቶን ውሰዱ። ላይና ታቹን በመቀስ ጥርስ ጥርስ አድርጉት። ክር ከላይ ወደ ታች በየጥርሱ አሳልፉ፤ ይሄ ድሩ ነው። የጆንያ መርፌ ላይ ሌላ ክር አስገቡና አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሉ ማሳለፍ፤ ይሄ ማጉ ነው። በሹካ ወደ ታች ጠቅ ጠቅ ማድረግ። በቃ፣ ልጁ ሸመነ። በመጀመሪያው ጨርቅ ላይ ጠርዙ ወደ ውስጥ እየተሳበ መሀሉ እንደ ወገብ ይቀጥናል። የሁሉም ልጅ እንዲያ ነው። ማጉን ስለሚስበው ነው። አትንገሩት። በሦስተኛው ጨርቅ ላይ ራሱ ይደርስበታል። ያኔ የሚያሰማው ጩኸት ቤቱን ያናጋል።

ስለ ሴትና ወንድ ልጅ አንድ ነገር ልናገር። በእኛ ልማድ ወንድ ይሸምናል፣ ሴት ትፈትላለች። እህቴ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይኗ መወርወሪያው ላይ ነበር። አባቴ ሥራ ሊያስረክብ ሲወጣ ጉድጓዱ ውስጥ ትገባለች። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቅላት ነበር። አንድ ቀን የሸመነችው ላይ ስህተት ትታ ወጣች። አባቴ ማታ ተቀመጠ፣ አየው፣ ዝም አለ። የእሱ እጅ እንዳልሆነ ማንም ሸማኔ ያውቀዋል። እኛ ትንፋሻችንን ውጠን ነበር። አባቴ ቀስ ብሎ ያን ያህሉን ፈታ። በማግሥቱ ሲወጣ ሁለት የተጠነጠነ ቀሰም ከጉድጓዱ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ለራሱ ቢሆን ከመወርወሪያው ጋር ነበር የሚያስቀምጠው። እህቴ ቀሰሞቹን አይታ አለቀሰች።

አሁን ከባዱን ነገር ላንሳ። ማንሳት ግዴታዬ ነው።

ጎረቤታችን አንድ ልጅ ነበር። እድሜው ከእኔ ጋር እኩል ነው። ከጋሞ ነው የመጣው፤ «ከተማ ትማራለህ፣ ሙያም ትይዛለህ» ተብሎ። የሚኖረው ዘመድ ነኝ ከሚል ሰው ጋር ነው። ከጎህ እስከ ምሽት ይሸምናል። የሚተኛውም እዚያው የሽመናው ቤት ውስጥ ነው። በ11 ዓመቱ ከእኔ በብዙ ይበልጥ ነበር። ጥለት ያወጣል። እኔ ጠርዝ ቀጥ ማድረግ ሲያቅተኝ እሱ ነጠላ ይጨርስ ነበር። እቀናበት ነበር፤ አሁን ሳስበው ያመኛል። ምክንያቱም ያ ልጅ አንድም ክር አባክኖ አያውቅም። ክሩ ተቆጥሮ ነው የሚሰጠው። ከተበጠሰ ይመታል። ፊደል አልቆጠረም። ከሙያው ውስጥ አንድ ጥለት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ያንኑ ደጋግሞ እንዲሠራ ስለሚፈለግ። ድር ማድራት ማንም አላሳየውም።

እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ነበሩ። አሁንም አሉ። ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ በዘመድም በደላላም እየመጡ ሽመና ላይ የሚጣሉ ሕፃናት ጉዳይ የታወቀ ነው። የጋሞ ልጅ ስለሆንኩ ይበልጥ ያንገበግበኛል። ሙያችንን እናወርሳለን እያልን ከልጆቻችን ላይ ዕድሜ ስንቆርጥ ማየት አልችልም።

ሕጉ ግልጽ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅ ጉልበቱን ከሚበዘብዝ፣ ትምህርቱንና ጤናውን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቅ ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለውን ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይቻልም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይሠራም። «እኔ እኮ ልጄን ነው፤ አልቀጠርኩትም» የሚል አባት ሊኖር ይችላል። እኔ ግን ለወላጅ ከዚህ ጠበቅ ያለ መለኪያ አለኝ። ልጅህ ዛሬ ያበላሸው ነገር የት አለ? ይህን ነው የምጠይቀው። ቤቱ ውስጥ አንድም የተበላሸ የልጅ ሥራ ከሌለ እጨነቃለሁ። ሌላም እጠይቃለሁ። ዛሬ አልሠራም ቢል ምን ይሆናል? የቤት ሥራውን መቼ ነው የሚሠራው? የሠራው ይሸጣል ወይስ ይቀመጣል? እናቴ ይህን ጨርቅ ያስቀመጠችው ዋጋ ስለማያወጣ አይደለም። ለእህቴ አሻንጉሊት ልብስ፣ ለድስት መያዣ ይሆን ነበር። ለእኔ ብላ ነው ያስቀመጠችው።

ሙያን ለልጅ ማስተማር የሚከብድበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ስድቡ። እናንተም ታውቁታላችሁ። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን «አባታችሁ ምን ይሠራል?» ብሎ በየተራ ጠየቀን። ተራዬ ሲደርስ «ነጋዴ» አልኩ። ከኋላዬ አንዱ «ውሸት ነው፣ ቁጢት በጣሽ ነው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ማታ አባቴ «ቀሰም አቀብለኝ» ሲለኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ለብዙ ሳምንታት ጉድጓዱ አጠገብ አልደረስኩም። አባቴ አልጠየቀኝም። የሚያውቅ ይመስለኛል። እሱም በልጅነቱ ሰምቶታል።

አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው ስለ ዳግማዊ ምኒልክ አዋጅ ያነበብኩት። በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብረት ሠሪውን «ጠይብ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ያን ሳነብ የክፍሉ ሳቅ ጆሮዬ ላይ ተመልሶ መጣ። አዋጁ ከወጣ ስንት ዘመን አልፎ ነው እኔ የተሰደብኩት! አዋጅ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ስድቡ የሚጠፋው ቤት ውስጥ ነው። ልጁን «ካልተማርክ ሸማኔ ነው የምትሆነው» ብሎ የሚያስፈራራ አባት፣ ቅዳሜ ከእኔ ጋር እንዲሸምን ሲልከው ልጁ ምን ይማራል? እባካችሁ ይህን አነጋገር ከቤታችሁ አውጡት። ልጅ ከእጃችሁ ይልቅ አፋችሁን ቀድሞ ይማራል።

«ሙያው ያበላዋል ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነቱን እነግራችኋለሁ። አባቴ አሳድጎናል፣ አስተምሮናል፤ ግን በጣም ደክሞ ነው። አንድ ጥሩ ጥበብ ቀናት ይፈጃል። ከትርፉ ብዙውን የሚያገኘው የሚሸጠው ሰው ነው። ዛሬ ደግሞ ጥለት የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ገበያውን ሞልቶታል፤ ዋጋው ርካሽ ነው። ስለዚህ ልጃችሁን «ሸማኔ ሆነህ ትኖራለህ» ብዬ ቃል አልገባለትም። ቃል የምገባው ሌላ ነገር ነው። የሚለብሰውን ነጠላ ሲያገላብጥ የእጅና የፋብሪካ ሥራን ይለያል። ዋጋ ሲጠራበት ለምን እንደተወደደ ይገባዋል፤ የሸማኔን ላብ አይከራከርም። ከፈለገ ደግሞ በሩ ክፍት ነው። ከቅዳሜ ልጆቼ ውስጥ አንዱ ዛሬ ጥለት ይነድፋል፤ የሠራው በሌሎች ሸማኔዎች እጅ ጥበብ ሆኖ ይወጣል። እሱም በካርቶን ነው የጀመረው።

በቤታችሁ ሙያ የሚችል ሰው ከሌለስ? ከተማ ውስጥ አብዛኛው ቤት እንዲህ ነው። ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ከግቢያችሁ ወይም ከጎረቤት መፍተል የምትችል አንዲት እማማ አታጡም። ቡና ስትጠጡ ጠይቋቸው። «ተረስቷል እኮ ልጄ» ይሏችኋል፤ እንዝርቱን እጃቸው ላይ ብታስቀምጡ ጣታቸው ያስታውሳል። ግን በነፃ አታድርጉት። ለሒሳብ አስጠኚ እንደምትከፍሉ ክፈሏቸው። ልጁም ሲከፈላቸው ይይ። ባዘቶና ፈትል ሽሮ ሜዳ ታገኛላችሁ። ከልጁ ጋር ሂዱ፤ ራሱ ይምረጥ።

ጊዜውን አታብዙት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ግማሽ ሰዓት። ከዚያ በላይ የሚቀመጥ ከሆነ ወድዶ ነው፤ ተዉት። ስልካችሁን አስቀምጡና እናንተም አጠገቡ አንድ ነገር ሥሩ። ቆማችሁ አትቆጣጠሩት። እኔ ካስተማርኳቸው ልጆች ከሁሉም ፈጥነው የተማሩት ወላጃቸው አብሮ የተሳሳተላቸው ናቸው።

እንግዲህ ከኋላ በኩል ጠረጴዛው ላይ እንዝርት አለ፤ 12 ነው። ባዘቶም አለ፣ ሁለት ዘንቢል ሙሉ። እናቴ ማታ ስታዘጋጅ ነው ያመሸችው። ካርቶን፣ ክርና የጆንያ መርፌም አለ። ልጆች፣ ኑ። የምትፈትሉበትን ራሳችሁ ምረጡ። እናቶች፣ አባቶች፣ እናንተም ኑ። ሲበጠስባቸው ቶሎ አትድረሱላቸው፤ ጫፉን ይፈልጉት። መሬት የወደቀውን ጥጥም አሁን አታንሱት፤ ስንጨርስ አብረን እንጠርገዋለን።